ሚዛን መጠበቅም ትምህርት ነው

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ስድስት ሆነን ቆመን እጃችንን ቀስ እያደረግን ስናነሣና ስናወርድ ያዩን ጓደኞቻችን፣ «ዝንብ ነው የምታባርሩት ወይስ ፈተናው አሳብዷችሁ ነው?» ሲሉ ጠይቀውን ነበር። በጊዜው ስቀን አለፍነው። ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህች ገጽ ልንመልሰው ወደድን። የምናደርገው ቻይናውያን ታይ ቺ እና ቺ ኩንግ የሚሏቸውን የሰውነትና የትንፋሽ ልምምዶች ነው። ለምን?

ነገሩ በጨዋታ የተጀመረ አይደለም። ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖሩት የአንዳችን አያት ከደጃፋቸው ላይ ተንሸራተው ወደቁ፤ ዳሌያቸውም ተሰበረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋቸው መነሣት አልቻሉም። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ የጎረቤቱ ሁሉ ቃል አንድ ነበር፤ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» እሳቸው ግን፣ «እኔስ ጉልበቴ አልደከመም ነበር፤ መሬቱ ከዳኝ እንጂ» አሉን። ወደ ግቢ ስንመለስ ይህ አነጋገር ከልባችን አልጠፋም። መሬት አይከዳም፤ የሚከዳው ሚዛን ነው። ታዲያ ሚዛን ሊጠበቅ የማይቻል ነገር ነውን?

የተማርነው እንዲህ አይልም። ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው ዓይኑ፣ የውስጥ ጆሮው፣ የእግሩ መርገጫና መገጣጠሚያዎቹ በየቅጽበቱ ለአንጎሉ ወሬ ስለሚያቀብሉ፣ አንጎልም ጡንቻዎችን እያዘዘ ዘንበል ያለውን ስለሚያቃና ነው። ዕድሜ ሲገፋ ወሬው ይዘገያል፤ ጡንቻውም ይሰንፋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ እንደ ማንኛውም ችሎታ በልምምድ ይጠነክራል፣ በመተውም ይዝጋል። ታይ ቺ የሚያሠለጥነው ይህንኑ ነው። ጉልበት በመጠኑ ሸብረክ ይላል፤ ወገብ ቀና ይላል፤ የሰውነት ክብደት በአንደኛው እግር ላይ በደንብ ከረጋ በኋላ ብቻ ሌላው እግር ይነሣል። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ በመሆኑ ማታለል የለበትም። ሲሮጡ ፍጥነት የሚሸፍነው ድካም፣ ቀስ ብለው ሲራመዱ ይገለጣል። የሳቁብን ጓደኞቻችን በአንድ እግር ቆመው እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ስለ ልምምዱ አመጣጥ ጥቂት እንበል። ታይ ቺ የትግል ጥበብ ነበር። በቻይና በሄናን ክፍለ ሀገር የቼን ቤተሰብ መንደር፣ በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ተጀመረ ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ያንግ ሉቻን የተባለ ሰው ከቼን ቤተሰብ ተምሮ ወደ ቤጂንግ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1956 የቻይና የስፖርት ኮሚሽን ረጅሙን ሥርዓት አሳጥሮ ማንም ሠራተኛ ሊማረው የሚችል 24 እንቅስቃሴዎች ያሉት አደረገው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 ታይ ቺን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ የእኛ ጥምቀት በዚያው መዝገብ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቺ ኩንግ ደግሞ ትንፋሽን ከዝግታ እንቅስቃሴ ጋር የሚያጣምር ሲሆን፣ ከእርሱ ወገን በጣም የታወቀው «ስምንቱ የሐር ጥልፎች» የሚባለው ነው። ስምንት እንቅስቃሴ ብቻ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይቀላል፤ እኛም የጀመርነው በእርሱ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነንና ማስረጃው የታለ መባሉ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለመውደቅ አደጋ የተጋለጡ 670 ሰዎችን በሦስት ወገን ከፍሎ በሳምንት ሁለት ቀን ለ24 ሳምንታት አለማመደ። ሚዛንን እንዲያሠለጥን ተደርጎ የተዘጋጀ ታይ ቺ የተማሩት፣ ሰውነትን ማፍታታት ብቻ ከተማሩት ይልቅ የወደቁበት ጊዜ በ58 ከመቶ ያነሰ ሆነ። ብዙ ጥናቶችን የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ጠንቀቅ ብሎ፣ ታይ ቺ መውደቅን በ19 ከመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ገለጸ። በዚያው ግምገማ ሚዛንን የሚያሠለጥኑ ሌሎች ልምምዶች በ24 ከመቶ ያህል ቀንሰዋል። ይህን ቁጥር አንደብቅም። እንዲያውም ለክርክራችን ይረዳናል፤ ፍሬው በቻይናዊነቱ ሳይሆን በልምምዱ ላይ መሆኑን ያሳያልና።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንደኛው፣ «ባዕድ ነው፣ ሃይማኖትም ሳይኖረው አይቀርም» የሚል ነው። ባዕድ በመሆኑ ብቻ የምንጥለው ከሆነ፣ ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚገባውን መንገድ ምን ልናደርገው ነው? ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በመጣው ርዳታ ያን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ገደሉን ሲቆርጡ ማንም ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም፤ ዛሬም እህል የጫነ መኪና ሲያልፍበት አይጠይቅም። በታይ ቺ ጀርባ የጥንት ቻይናውያን ፍልስፍና እንዳለ አይካድም። ነገር ግን ጉልበት ማጠፍና በሆድ መተንፈስ ማንንም ከእምነቱ አያስወጣም። የሚቆረቁረው ሰው ካለ የእምነት አባቱን ይጠይቅ፤ እኛም ስሙን ትተን «የሚዛን ልምምድ» ብንለው ምንም አይጐድልብንም።

ደግሞስ ዝግታን የሚያውቀው ቻይናዊ ብቻ ነውን? በገና ዕለት ላሊበላ የሄደ ሰው፣ ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው በአንድነት ሲዘሙ፣ ሰውነታቸውን ሳይቸኩሉ ሲያዘነብሉና ሲያቃኑ አይቷል። ሙስሊሙ ወገናችንም በቀን አምስት ጊዜ ሲሰግድ፣ ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ይደፋል፣ ይነሣል። እነዚህ አምልኮ ናቸው፤ ከስፖርት ጋር አናምታታቸውም። ለማለት የፈለግነው ወሎ ለተረጋጋ ሰውነት እንግዳ አይደለም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ነው። ጥቂት ጓደኞቻችን «ቺ» የተባለው ስውር ኃይል ከሰውነት እየፈለቀ በሽታን ሁሉ ይፈውሳል ሲሉ ሰምተናል። ይህን አንቀበልም። በራሷ በቻይና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በቺ ኩንግ ስም ተአምር እናደርጋለን የሚሉ ብዙዎች ተነሥተው ሕዝብ አሳስተዋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ትቶ እጁን ቢያነሣና ቢያወርድ ራሱን ይጎዳል። የውጭ ነገርን ባዕድ ነው ብሎ መጣል ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከውጭ ስለ መጣ ብቻ ሳያላምጡ መዋጥም ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ይህ አገር ጦርነት አይቷል፤ ሰው ተርቧል፣ ተፈናቅሏል። እናንተ ስለ ትንፋሽ ታወራላችሁ?» ይሉናል። እውነት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን አዳርሷል፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ተዘርፏል። ልምምዱ የተራበን አያጠግብም፤ የሞተን አይመልስም፤ ሐኪም የሚያስፈልገውን የልብ ቁስልም ያድናል አንልም። ነገር ግን በመካከላችን በር ሲገጭ የሚደነግጡ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያነጉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከስድስታችን ሁለቱ ማለዳ አብሮ ቆሞ ቀስ ብሎ መተንፈስ ለቀኑ ጥቂት ዕረፍት እንደ ሰጣቸው ነግረውናል። የሁለት ሰው ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ገንዘብ ለማያስወጣ ግማሽ ሰዓት ግን በቂ ምክንያት ይመስለናል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲዮም ከተመረቀላት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስፖርት ስንል ኳስ ማየት እየመሰለን ሄዷል። ተመልካችነት ግን ጤና አይሆንም። ኳስ የማይጫወቱ ሴት እኅቶቻችን፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ጓደኞቻችን፣ ወንበር ላይ ወገባቸው የሚታመም መምህራኖቻችን፣ ቀኑን ሙሉ ሲያጠቡና ሲጠርጉ የሚውሉ የግቢው ሠራተኞች ከስፖርት ውጭ ቀርተዋል። ማኅበራችን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ይመድብልን። ወልድያ ላይ ሜዳው ይበቃል፤ ቆላ በሆነችው በመርሳ ግቢ ደግሞ ፀሐይ ሳትበረታ ከዛፍ ጥላ ሥር ይሁን። ከጤናና ከስፖርት ትምህርት ክፍሎች መምህራን መጥተው አቋቋማችንን ያርሙልን፤ ጉልበት በተሳሳተ መንገድ ከታጠፈ ይጎዳልና። ጉዳት ወይም ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የምንሠራው ነው። ወላጆቻችን ለእኛ ትምህርት ሲሉ ብዙ ችለዋል፤ እኛስ ምን ይዘን እንመለሳለን? ለእናትና ለአባት፣ ለአያት፣ የግድግዳ ወይም የምሰሶ ድጋፍ ይዘው፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብለው እንዲያሳልፉ፣ ተረከዛቸውን እንዲያነሡና እንዲመልሱ ማሳየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አጠገባቸው ቆሞ መደገፍ ብቻ አይረሳ።

የወደቁት እናት አሁንም አልጋ ላይ ናቸው። ለእርሳቸው ዘግይተናል። ታናሽ እኅታቸው ግን ባለፈው በዓል፣ የበራቸውን መቃን ይዘው፣ እየሳቁብን፣ በአንድ እግራቸው እስከ ስምንት ቆጥረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ አሥር እንዲሆን እንፈልጋለን። ሜዳው ላይ የሳቃችሁብን ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ማለዳ ኑና አብራችሁን ቁጠሩ።