ትንፋሹን ስናተርፍ ዓይኑን እንዳናጣ

በአገራችን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎች ባለፉት ዓመታት መበራከታቸው የሚያስመሰግን ነው። ቀድሞ ተስፋ የማይጣልባቸው፣ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ በሕይወት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ የተረፉት ሁሉ ያያሉ ወይ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ቴዎዶር ቴሪ የተባሉ የቦስተን የዓይን ሐኪም በእነዚህ ሕፃናት ላይ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ ዓይነ ስውርነት መኖሩን ጻፉ። በ1951 የሜልቦርኗ ሐኪም ኬት ካምቤል መንስኤው ያለልክ የሚሰጠው ኦክስጅን ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ፤ በአሜሪካ የተካሄደ ጥናትም አረጋገጠው። እስከዚያ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት ዓይናቸውን አጥተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የረቲና የደም ሥሮች አድገው የሚጨርሱት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው። ቀድሞ በተወለደ ሕፃን ላይ የበዛ ኦክስጅን እድገታቸውን ይገታዋል፤ ኋላ ደግሞ ያለሥርዓት ይበቅሉና ረቲናውን ስበው ሊያላቅቁት ይችላሉ።

ታዲያ ኦክስጅን እንንፈግ? በፍጹም! ተሞክሮ ብዙ ሕፃናት ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናትም የኦክስጅን መጠን ዝቅ ሲደረግ የከፋው የዓይን ጉዳት ቢቀንስም ሞት እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የልክ ጉዳይ ነው።

ይበልጥ የሚያሰጉት ከ30 ሳምንት በፊት ወይም ከ1,500 ግራም በታች የተወለዱት ናቸው። ኢንፌክሽን፣ ደም መውሰድና ክብደት አለመጨመርም አደጋውን ያባብሳሉ። ይሁን እንጂ ኦክስጅን በማይለካበት ቦታ ከዚህ የሚበልጡትም ይታወራሉ። የሀብታም አገሮችን መስፈርት እንዳለ መገልበጥ የማያዋጣን ለዚህ ነው።

እንደ እኔ እምነት፣ የኦክስጅን ሲሊንደር የሚገዛ ሆስፒታል በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያና ኦክስጅኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅል መሣሪያም አብሮ መግዛት፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮም መያዝ አለበት። ምርመራው በአብዛኛው በተወለዱ በአራተኛው ሳምንት ግድም ይጀመራል። ሕመሙ ከውጭ አይታይም፤ ሕፃኑም አይናገርም። በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘር ወይም በመርፌ ይታከማል። ሕክምና የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ከደረሰ ግን ያለው ጊዜ የቀናት ነው።

ወላጆችም ከሆስፒታል ሲወጡ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይውጡ፤ የልጄ ዓይን የሚመረመረው መቼ ነው?