ርዕሰ አንቀጽ፦ ከሦስተኛ ፎቅ ስለሚሰማው ድምፅ



ካለፈው ክረምት ወዲህ ለማኅበራችን ከቀረቡት አቤቱታዎች አራቱ ስለ አንድ ቤት ናቸው። ሁለቱ ስምም ፊርማም የላቸውም፤ በጽሕፈት ቤቱ በር ሥር ሾልከው የገቡ ናቸው። የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ ሌሊት ልጅ ይጮኻል፣ ወለል ይደበድባል፣ እናቱ አትቆጣውም፤ ስለዚህ ማኅበሩ አከራዩን ጠርቶ ቤቱን ያስለቅቅልን የሚል ነው።

ነገሩ በየደረጃው በሹክሹክታ ከሚወራ በግልጽ ቢነገር ይሻላል። ወላጆቹም ይነገርልን ብለዋል። ልጁ ኦቲዝም አለበት።

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ ከአንጎል ዕድገት ጋር የሚመጣ ሁኔታ ነው። ከሰው ጋር መግባባትን ያከብዳል፤ አንዱ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፣ ሌላው አንድ ነገር ይደጋግማል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እርግማንም አይደለም፤ የእናት አስተዳደግ ያመጣውም አይደለም። ጸበል መውሰድ አለመውሰድ የየቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ጎረቤት በደረጃ ላይ አስቁሞ "ምን ሠርታችሁ ነው?" የሚለው ግን ነውር ነው። በአገራችን ይህን ጉዳይ ደፍረው አደባባይ ካወጡት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ማዕከልን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያልፉም ድረስ ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ ሲታገሉ ኖረዋል። ዛሬ እኛ አንዱን ልጅ ወደ ጓዳ መልሱት ልንል ነው?

የብዙዎቹ ልጆች ጆሮ ድምፅን እንደኛ አይቀበልም። እኛ የለመድነው ድሪል፣ የድንኳን ድምፅ ማጉያ፣ የውኃ መሳቢያው ሞተር ለእነሱ የማይቻል ነው። ይጨንቃቸውና ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ። ይህ ብልግና አይደለም፤ በቁጣም አይቆምም። እኛ ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እንደበድባለን! ልጁ ከድምፅ ሲሸሽ ድምፅ እንጨምርለታለን ማለት ነው።

በበኩላችን የከሰሱትን ክፉ ሰዎች ናቸው አንልም። ከመካከላቸው ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ አለች፣ የደም ግፊት ያለባቸው አባት አሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ያማርራል። የብሎኬት ግድግዳችን ደግሞ ምንም አይሸሽግም፤ ከላይ ወንበር ሲጎተት ከታች ይሰማል፣ ቡና ሲወቀጥ ሁለት ፎቅ ይሰማዋል። ግን ስለ ሙቀጫ ማን አቤት ብሎ ያውቃል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የሚከለክለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ድምፅ ነው። ልኩን የምናውቀው እርስ በርስ ስንነጋገር እንጂ ወረቀት በበር ሥር ስናሾልክ አይደለም።

ከሥራቸው ያሉት ጋሼ ያደረጉትን እንንገራችሁ። በቀን፣ ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በሩን አንኳኩተው "ልጄ፣ ምን ላግዝሽ?" አሉ። አልጋው ከጋራው ግድግዳ እንዲርቅ ተደረገ፤ ልጁ በሚዘልበት ቦታ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጠፈ፤ የወንበሮቹ እግር በጎማ ታሰረ። ድምፁ ጠፋ አንልም፤ ቀንሷል። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር ተገኘ፦ ልጁ ሌሊት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የእኛው የውኃ ሞተር ሲነሣ ነው።

እናቲቱ ስትነግረን ግን ዝም ያሰኘን ሌላ ነው። ከዚህ በፊት በዚሁ ምክንያት ሁለት ቤት ለቀዋል። አሁን ሌሊት ሲጀምረው መስኮት ዘግታ አፉን በእጅዋ ትይዘዋለች። ጎረቤት እንዳይሰማ! ልጅን እስከማፈን የሚያደርስ ፍርሃት በዚህ ግቢ እንዲኖር ማኅበራችን አይፈቅድም። አከራይ ጋ ደውሎ ቤተሰብ ማስወጣትም ሥራችን አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ዳግመኛ አይቅረብልን።

ወላጆችም ድርሻ አለባቸው። የሐኪም ወረቀት አምጡ የሚል የለም፤ ነገር ግን ለላይና ለታች ጎረቤት ሁኔታውን መንገር፣ ስልክ መለዋወጥ፣ ከባድ ሌሊት ካለፈ ጠዋት አንድ ቃል ማለት ብዙ ያበርዳል። ልጁ ሲጨንቀው ለምትደርሱም፣ በበሩ ላይ አትሰብሰቡ፣ "ግረፊው" አትበሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ እናቱን ጠይቁ፤ ሂዱ ካለች ሂዱ።

ከዚህ ወር ጀምሮ ያልተፈረመ አቤቱታ አንቀበልም። የፈረመ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያው ይነጋገራል። ድሪል የሚያሠራ፣ ድንኳን የሚጥል ከአንድ ቀን በፊት ለጥበቃው ያስመዝግብ፤ ጥበቃው ለቤተሰቡ ይነግራል። ሞተሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይነሣም፤ ውኃ በፈረቃ ሌሊት ብቻ በሚመጣበት ቀን ግን ግድ ስለሆነ ጥበቃው አስቀድሞ በሩን ያንኳኳል። ቅዳሜ ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት በኋላው ሜዳ መኪና አታቁሙ፤ ልጁ እዚያ ይዘላል፣ የእናንተም ልጆች አብረውት ቢወጡ ደስ ይለናል።