በሶፍትዌር ውል ውስጥ ስለሚገባው የዋስትና ቃል

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ያያል፤ አረማመዷንም ይፈትናል፤ እህል የሚሸምትም ዘግኖ ይመረምራል። የኮምፒዩተር ሶፍትዌር የሚገዛ ግን የሚያየው የላዩን ገጽ ነው እንጂ በውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ አይደለም። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ የባለቤትነት መብት አይደለም። ስለዚህ ዓይን የማይደርስበትን ነገር የሚጠብቅለት የውል ቃል ነው።

ነገሩ በከንቱ የሚፈራ አለመሆኑን ያለፈው ታሪክ ያስረዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ሬቭሎን የተባለው የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ ከሎጂስቲኮን የገዛው ሶፍትዌር እንደ ውሉ አልሠራም ብሎ ቀሪውን ዋጋ ያዘ። ሻጩም በኦክቶበር ወር በስልክ መስመር ገብቶ ሶፍትዌሩ እንዳይሠራ አደረገው። የገዢው ማከፋፈያ መጋዘኖች ሦስት ቀን ያህል ሥራ ፈቱ። ገዢው ከሰሰ፤ ሻጩም ያልተከፈለበትን ንብረቴን ያዝሁ እንጂ አልበደልሁም አለ፤ ክርክሩም በስምምነት አለቀ። የሻጩ ገንዘብ የመጠየቅ መብት እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከዳኛ አስቀድሞ ለራሱ መፍረዱ ግን መብት ሊባል አይገባውም።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከልከል፣ ሻጩ በሶፍትዌሩ ውስጥ ቫይረስ፣ ቀን ቆጥሮ የሚያጠፋ ትእዛዝ፣ ስውር መግቢያ ወይም ከሩቅ የሚዘጋ ቁልፍ አለመኖሩን በውል ያረጋግጣል። በግልጽ ተነግሮ ጊዜው ሲያልቅ የሚቆም ፈቃድ ከዚህ አይቈጠርም፤ የሚነቀፈው መሰወሩ ነውና።

ነገር ግን ብዙ ሻጮች «እስከማውቀው ድረስ» የሚል ቃል ይጨምራሉ። ይህ ቃል ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በጁን ወር ሰርጎ ገቦች ኤም.ኢ.ዶክ የተባለውን የዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ማደሻ መንገድ ይዘው ኖትፔትያ የተባለውን አጥፊ ኮድ በእርሱ በኩል ዘሩ። ጉዳቱ ድንበር ተሻግሮ፣ ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ብቻ ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ማጣቱን አስታውቋል።

ስለዚህ ዋስትናው በሁለት መከፈል አለበት። ሻጩ ራሱ ወይም ሠራተኛው ላስገባው ኮድ አላወቅሁም ማለት ሊረዳው አይገባም፤ ዋስትናው ፍጹም ይሁን። ባዕድ ላስገባው ግን በትጋት ይጠየቅ፤ ይኸውም እያንዳንዱን ማደሻ ሳይልክ መመርመሩ፣ አደጋ ሲያውቅም ሳይዘገይ ማስታወቁ ነው። እንደዚሁም የካሳው ልክ ከፈቃዱ ዋጋ አይበልጥም የሚለው አንቀጽ ሆን ተብሎ ለተሰወረ ኮድ እንዳይሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ አለዚያ ዋስትናው ስም ብቻ ይሆናል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሶፍትዌርን በጉድለቱ እንደሚያስጠይቅ ማናቸውም ዕቃ ቈጥሮታል። ይሁን እንጂ መመሪያው የሚክሰው የተጎዳውን ግለሰብ ነው እንጂ መሥሪያ ቤትን ወይም ኩባንያን አይደለም፤ ለእነዚህ የሚተርፋቸው ውላቸው ነው።

እንግዲህ የመዝገብና የሒሳብ ሥራ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ለመግዛት የሚፈርም ሹም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ይህን አንቀጽ አስቀድሞ ያንብብ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ከፊርማ በፊት አንድ መስመር ማረም ቀላል ነው፤ መዝገብ ከተቈለፈ በኋላ ግን ሥራውም አቤቱታውም አብሮ ይቆማል።