መስማት የተሳናቸው ልጆቻችን በአንድ ክፍል ይማሩ

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት በየቤታችን እያሉ ስማቸው በመዝገባችን ስለማይገኝ፣ መስማት ስለተሳናቸው ልጆች ነው።

እንደሚታወቀው ማንኛውም ልጅ በአካባቢው ትምህርት ቤት ይማር ተብሏል። መልካም ነው። ነገር ግን የማይሰማ ልጅ ተቀምጦ፣ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ሲያወራ ቢውል ምን ይገኛል? በዚሁ በላስታ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ከሰሌዳው አሳምሮ ይገለብጣል፤ ደብተሩ ያምራል፤ በየዓመቱም ያልፋል። የጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቀውም። ሥዕል ነው እኮ የሚሥለው! መምህሩን አልወቅስም፤ የምልክት ቋንቋ ሳያስተምሩት የላኩት ሰው ምን ያድርግ።

አንዳንዱ ሰው ምልክት ማለት እንዲያው እጅ ማወናጨፍ ይመስለዋል። እኛ በቤት የምናደርገው፣ «ና»፣ «ብላ»፣ «በጎቹን መልስ» የምንለው፣ እውነት ነው ከዚያ አያልፍም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ግን የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው። ፊደላችን ራሱ በአንድ እጅ ይነገርበታል፤ «ለ» የራሱ የጣት ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቶቻችን ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ሲቆጥሩ፣ ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋ ተሰጥቷል፤ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይማር ተብሎ። የማይሰማ ልጅስ ቋንቋው ምልክት አይደለምን?

መካኒሳና ሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው የታወቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። ግን ከዚህ አዲስ አበባ እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የ7 ዓመት ልጅ ማን ይሰድዳል። ስለሆነም የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ቋንቋ ብቻን አይለመድም። ልጆቹ በየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ሆነው ከተበተኑ፣ ለአንድ ልጅ መምህር ቅጠሩ ብንል ማን ይሰማናል? ሁሉም በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ልዩ ክፍል ቢሰበሰቡ ግን እርስ በርስ ያወራሉ፤ እኛም ምልክት የሚያውቅ አንድ መምህር እንዲመደብልን ወረዳውን በአንድ ማመልከቻ እንጠይቃለን። መንገዱ ይርቃል የሚል አለ፤ ልክ ነው። ዘመድ ቤት የሚያርፉትን ልጆች ስንቅ ማኅበሩ ቢችል ብዙ አይከብደንም፤ ለተዝካር ከምናወጣው ያነሰ ነው።

ጸበል መውሰዱን ማንም አይከለክልም። ትምህርቱ ግን አይጠብቅም፤ ቋንቋ በደንብ የሚያዘው በሕፃንነት ነው። አፍራችሁ የምትደብቁም አላችሁ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላስታ ሲገባ ትዝ ይበላችሁ፤ እኛ ተኩስ ሰምተን ስንሮጥ፣ እነሱ የሚሮጠውን ሰው አይተው ነው የሮጡት። ለምን እንደሚሮጥ የሚነግራቸው አልነበረም።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋሻው በታች ጽዱ ሥር መዝገቡን ይዤ እቀመጣለሁ። የልጁን ስም፣ ዕድሜውንና መስማት ያቆመበትን ጊዜ ንገሩኝ። ልጁንም ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ