ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት እጁን እንወቅ

የእጅ ሥራን እያደነቀ የእጅ ሠራተኛን የሚንቅ ሰው አገራችን አጥታ አታውቅም። ጀበናው «ቡና ያሳምራል» ተብሎ ይመሰገናል፤ ጀበናውን የሠራችው ሴት ግን ስሟ እንኳ አይጠየቅም። ጋቢው የክት ልብስ ሆኖ በክብር ይታጠፋል፤ የሸመነው ሰው ልጅ ግን ለጋብቻ ሲታሰብ «ዘሩ ምንድን ነው?» ይባላል። ይህ ጉድ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በበዓል ሰሞን ወደሚዘጋጁት የእደ ጥበብ ባዛሮች ጎራ ብሎ ይታዘብ።

በእነዚህ ባዛሮች ከድንኳኑ ሥር ብዙ ጊዜ የምናገኘው ነጋዴውን ሳይሆን ሠሪውን ራሱን ነው። ሸማኔው ነጠላውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድና ጀበናዋን፣ ስፌት ሰፊዋ መሶቧን ይዘው ይቀመጣሉ። ጎብኚው ግን ዕቃውን አንስቶ ያገላብጥና «ስንት ነው?» ይላል። ዋጋው ሲነገረው «እንዴ! ለዚህች?» ብሎ ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዱማ ጥለቱን በስልኩ ፎቶ ያነሳና ሌላ ዘንድ በርካሽ ሊያሠራው ይሄዳል። ኧረ ተዉ ጎበዝ! የሰው ጥበብ በነፃ መውሰድ ምን ይባላል?

እስቲ «ለዚህች» የተባለችውን ነጠላ እንመርምራት። ድሩ ዛሬ በብዛት የፋብሪካ ክር ይሁን እንጂ፣ በእጅ ለተፈተለው ማግ ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ልቃቂት የሚሆነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይወረውራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድሩን እየቆጠረ ቀለሙን ክር በክር ያስገባል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ መስመሩ ይዛባል። ይኸ ሒሳብ ካልሆነ ሒሳብ ምንድን ነው? ሸክላ ሠሪዋም ብትሆን አፈሩን መርጣና አቡክታ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ብቻ ክቡን ታወጣለች። እሳት ላይ የተሰነጠቀው ሁሉ ኪሳራው የእሷ ነው።

ሠራተኛን በሙያው መስደብ ነውር መሆኑ ዛሬ የተነገረ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህንኑ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ሆኖም ስድቡ አልቆመም። በጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን እንመልከት። ማረሻውን የሚያሠራው፣ ገንቦውን የሚገዛው ጎረቤት ማታ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። በወለቃ መንደር ሴቶቻቸው ይሠሯቸው የነበሩትን የሸክላ ምስሎች ጎብኚው እየገዛ ወደየአገሩ ወስዷል። ዕቃው ተወዶ ባለእጁ ተጠላ ማለት ይኸ ነው።

እንግዲህ አዋጅ ብቻውን ስድብን ካላጠፋ ማን ያጠፋዋል? መልሳችን አንድ ነው፤ መምህሩ። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከፊታችን ትቀመጣለች። የእናቷን ሥራ ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች ወይስ ቀና ብላ ትናገራለች? በክፍሉ ውስጥ «የጠይብ ልጅ» የሚል ድምፅ ሲሰማ መምህሩ ዝም ካለ፣ ዝምታው ለተሳዳቢው ምስክር ይሆንለታል። በባዛሩ ላይ ሠሪውን ቀና ብሎ ያላየ ሰው ደግሞ በክፍል ውስጥ የሠሪውን ልጅ ያያል ማለት ያስቸግራል።

«የእኛ የኪስ ገንዘብ ስንት ሆነና ነው?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እውነታቸውን ነው። መከራከርም የገበያችን ወግ ነው፤ ሻጩም አስቦበት ነው ዋጋ የሚጠራው። እኛ የምንለው ሳትከራከሩ ግዙ አይደለም። ስለምን እንደምንከራከር እንወቅ ነው የምንለው። ከ«ስንት ነው?» በፊት «እንዴት ተሠራ? ስንት ቀን ፈጀ?» ብለን እንጠይቅ። ጨርቁን ገልብጠን እንይ፤ በማሽን የታተመ ጥለት ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ይደበዝዛል፣ የተሸመነው ግን ክሩ ራሱ ከኋላም ይታያል። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ባለቤቱን እናስፈቅድ። መግዛት ባንችል እንኳ «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» ለማለት ሳንቲም አያስፈልግም።

ከዚህም አልፈን፣ ተመድበን በምንሄድበት ቀበሌ ያለውን ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ክፍላችን እንጋብዝ። ሸማኔው ስለ ጥለት አቆጣጠር፣ ሸክላ ሠሪዋም ስለ አፈር ዓይነት ከኛ የተሻለ ያስረዳሉ። ለተማሪዎቹ ስናስተዋውቃቸውም «የዛሬው መምህራችሁ» ብለን እንጥራቸው። በዚያች ክፍለ ጊዜ ልጃቸው ከሁሉ ቀድማ እጇን ታወጣ ይሆናል።