ማኪያቶ በቤታችን፦ ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት

ለካፌ ማኪያቶ በየቀኑ የምናወጣው ገንዘብ ወሩ ሲያልቅ ሲደመር ያስደነግጣል። «ማሽን ገዝቼ ቤቴ ልጠጣ» ቢሉ አይፈረድብዎትም። ብቻ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታልልዎ። «15 ባር»፣ «20 ባር» የሚለው ፓምፑ የሚችለው ግፊት ነው፤ ጥሩ ኤስፕሬሶ ግን 9 ባር አካባቢ ይበቃዋል። ለትርፉ ቁጥር አይክፈሉ።

ከባጀትዎ ለመፍጫው ያስተርፉ። ቡናው ከሻከረ ውሃው ሮጦ ያልፍና ይኮመጥጣል፤ ከመጠን በላይ ከላመ ደግሞ ውሃው አላልፍ ይልና ይመርራል። በስለት የሚከታትፈው መፍጫ እኩል አያደቅም። እንደ ወፍጮ በሁለት ጥርሶች መካከል የሚፈጨውንና ልመቱ የሚስተካከለውን ይምረጡ።

ለመነሻ ያህል፣ ለድርብ ኤስፕሬሶ 18 ግራም የተፈጨ ቡና ይመዝኑ፤ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ያህል ቡና ይውጣ። ፈጥኖ ከወረደ ያልሙት፣ ከዘገየ ያሻክሩት።

ቤት የቆሉት ቡና ለጀበና ወዲያው ይሆናል። ለማሽን ግን ጋዙ እስኪወጣለት አንድ ሳምንት ያህል ቢያርፍ ይሻላል።

ማሽኑን ከአሜሪካ ለእናትዎ ሊልኩ ካሰቡ፣ ሥሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። እዚያ የሚሸጠው 120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ነው። እንዲሁ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ድካምዎም ገንዘብዎም መና ይቀራል።

ልጆችስ? ሚዛኑን ያንብቡ፣ ሰከንዱን ይቁጠሩ። የወተት ማፍያው እንፋሎት ግን ስለሚያቃጥል ለትልልቆች ብቻ ይሁን።