ጋሪውን አባረው ፎቶውን ሰቀሉት

ከሁሉ በፊት እንግባባ፤ እኛ የሞል ጠላቶች አይደለንም። ባንኮክ ውስጥ በሚያዝያ ሙቀት አስፋልቱ ሲፋጅ፣ ሳያም ፓራጎን በር ላይ ፊትህን የሚመታህ ቀዝቃዛ አየር ራሱን የቻለ ጽድቅ ነው። ሳንቲም ሳታወጣ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ብትውል የሚቆጣህ የለም። የእኛ ጠብ ከሕንፃው ጋር ሳይሆን ሕንፃውን ተገን አድርጎ ከሚነዛው ወሬ ጋር ነው፦ "ከተማ ሲሰለጥን የመንገድ ላይ ገበያ ይጠፋል፤ መጥፋትም አለበት" ከሚለው።

ባንኮክ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። ስንቱ የመርካቶ ነጋዴ ነው ፕራቱናም ሄዶ ልብስ በሻንጣ አጭቆ የተመለሰው? ስንቱ ባለ ቡቲክ ነው "የባንኮክ ነው" እያለ ዋጋ የቆለለብን? ፕራቱናም ማለት "የውሃ በር" ማለት ነው፤ መንገዱም ፎቁም ገበያ የሆነበት ሰፈር። እዚያው ያለው ፕላቲነም የሚባለው የልብስ ሞል ራሱ ጣሪያና ኤሲ የተጨመረለት ጉልት ነው፤ ጠባብ ሱቆች፣ የተደራረበ ልብስ፣ ሦስት ስትገዛ የሚቀንስ ዋጋ። ሞልና ገበያ ዘመዳሞች ናቸው እንግዲህ። የሚያጣላቸው ዘመናዊነት ሳይሆን ቦታው የማን ነው የሚለው ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንየው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የባንኮክ አስተዳደር የእግረኛውን መንገድ ለእግረኛው እመልሳለሁ ብሎ ተነሳ። በ2015 ቦይ ላይ ተሠርቶ የነበረው የሳፓን ሌክ ገበያ ፈረሰ። በ2016 የፓክ ክሎንግ ታላት አበባ ሻጮች ከእግረኛ መንገዱ ተነሱ። በሚያዝያ 2017 ደግሞ የመንገድ ምግብ ከዋና ዋና ጎዳናዎች ሊጠፋ ነው የሚል ዜና ወጣ። ዓለም ጮኸ። ባለሥልጣኖቹም ተሯሩጠው "ያዋራትና ካኦ ሳን አይነኩም" አሉ።

ልብ በሉ! ሁለቱም ቱሪስት የሚርመሰመስባቸው ጎዳናዎች ናቸው። ለፈረንጅ ካሜራ የሚያምረው ጋሪ ተረፈ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ምሳ የሚሸጠው ጋሪ ግን ማን ይጩህለት? እሱን "ቴሳኪት" የሚሏቸው የእነሱ ደንብ አስከባሪዎች ያነሱታል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በባንኮክ ዝቅተኛው የቀን ደመወዝ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 400 ባት ነው። መንገድ ላይ አንድ ሳህን ሩዝ ከነወጡ በ50 እና በ60 ባት ይበላል። ሞል ውስጥ ሬስቶራንት ከገባህ 200 ባት በቀላሉ ይሄዳል፤ የግማሽ ቀን ላብ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የኪራይ ክፍሎች ኩሽና የላቸውም። ሰው ከሥራ ሲመለስ ወጡን በፌስታል አንጠልጥሎ ነው ቤቱ የሚገባው። ጋሪው እንግዲህ የከተማዋ "ጌጥ" አይደለም፤ የከተማዋ ኩሽና ነው። ሞሉ ውስጥ ሽቶ የምትሸጠው ልጅ፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ወለሉን የሚወለውለው ሰው በዚያ ደመወዝ ወር የሚደርሱት ጋሪው ስላለ ነው። ጋሪው ሲባረር ሞሉ ደመወዝ አይጨምርላቸውም። ልዩነቱን ከኪሷ የምትከፍለው ልጅቷ ናት።

ቀልዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኅዳር 2018 በቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር በ54 ቢሊዮን ባት የተሠራው አይኮንሳያም ተከፈተ። ምድር ቤቱ ላይ ምን አለ? በቤት ውስጥ የተሠራ የውሃ ላይ ገበያ! ጀልባው፣ ጭሱ፣ በሙቀጫ የሚወቀጠው የፓፓያ ሰላጣ፣ ሁሉም በኤሲ። ከመንገድ ላይ "ቆሻሻ" የተባለው ነገር ሞል ሲገባ "ባህል" ሆነ! ለካ ችግሩ ሽታውና ጫጫታው አልነበረም፤ ኪራይ አለመክፈሉ ነበር።

"እግረኛውስ?" ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የባንኮክ የእግረኛ መንገድ ጠባብ ነው፤ ጋሪና ጃንጥላ ሲደረደርበት ዊልቸር የሚገፋ ሰው አያልፍም። ግን በዚያው መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ይነዳል፣ የሰማይ ባቡሩ ደረጃም ተተክሎበታል። ለእግረኛው ታስቦ ተሠራ የሚባለው የአየር ላይ መተላለፊያ ደግሞ ከጣቢያው ቀጥታ ሞሉ በር ላይ ይጥልሃል። እግረኛውን ከመንገድ አንስተው ደንበኛ አደረጉት ማለት ነው።

ሥርዓት ይኑር ማለት ሌላ፣ ማባረር ሌላ ነው። ባንኮክ ራሷ ይህን ታውቀው ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ የተፈቀዱ የመሸጫ ቦታዎች ነበሯት፤ በሳምንት አንድ ቀን መንገዱ ለጽዳት ይለቀቅ ነበር። ከሳናም ሉዋንግ ሜዳ በ1982 የተነሱትን ነጋዴዎች ቻቱቻክ ላይ ስላሰፈረቻቸው ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ መደብ ያለው ገበያ አላት። መስመር ማስመር፣ ውሃ ማስገባት፣ ተመጣጣኝ ክፍያ ማስከፈል ይቻላል። ማባረር የሚመረጠው ሌላ መንገድ ጠፍቶ ሳይሆን የተባራሪው ድምፅ ስለማይሰማ ነው።

ስለዚህ "ባንኮክን አይተን መጣን" እያሉ ስለ ሥልጣኔ የሚሰብኩንን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ስትጠጡ፣ ቡናውን ያቀረበችላችሁ ልጅ ምሳዋን የት እንደምትበላ አይታችኋል? ካላያችሁ ባንኮክን አላያችሁም፤ ያያችሁት ሞሉን ነው።